የማኪቨር ልጆች

እስቲ ዛሬ ደግሞ የማኪቨርን ልጆች ላጫውታችሁ። አገራቸው ካናዳ፣ ከተማቸው ካልጋሪ። ታላቅየው ሮቢን፣ ታናሽየው ብራያን ይባላሉ። ሁለቱም ያደጉት በበረዶ ሸርተቴ ነው፤ ያውም ቁልቁል በሚበረርበት ሳይሆን ዳገቱንም ሜዳውንም በሁለት ዘንግ እየገፉ በሚጓዙበት። የትንፋሽ ስፖርት ነው፤ የእኛን አሥር ሺህ ሜትር በበረዶ ላይ አስቡት።

ሮቢን በፈረንጆቹ 1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ ለካናዳ ተሰለፈ። ብራያን ግን 19 ዓመት ሲሞላው ዓይኑ ከዳው። ስታርጋርት የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ ነው፤ አባታቸውም ነበረበት። ይህ በሽታ ዓይንን እንዳለ አይጋርድም። መሐሉን ይበላና ዳር ዳሩን ይተዋል። ፊት ለፊት ያለው ሰው ፊቱ ይጠፋል፤ ከጎኑ ያለው ይታያል።

ታዲያ ሮቢን ምን አደረገ? ከወንድሙ ፊት ገባ። በፓራሊምፒክ፣ በአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ፣ ማየት የተሳነው ተወዳዳሪ መሪ ይፈቀድለታል፤ መሪው እየቀደመ መታጠፊያውንና ቁልቁለቱን ያሳውቃል። መሪ ስላችሁ ግን እጅ ይዞ የሚወስድ እንዳይመስላችሁ! ከሻምፒዮኑ እኩል ካልፈጠነ እንቅፋቱ ራሱ ነው። ወንድማማቾቹ በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ሁለት ወርቅ፣ በ2006 በቶሪኖ ሌላ ሁለት ወሰዱ።

ከዚያ 2010 መጣ፤ ውድድሩም እዚያው ካናዳ፣ ቫንኩቨር። ብራያን በ50 ኪሎ ሜትር፣ ዓይናቸው ጤነኛ ከሆኑት ጋር፣ ያለ መሪ እንዲወዳደር ለዋናው ኦሎምፒክ ተመረጠ። በክረምት ስፖርት በአንድ ዓመት በኦሎምፒክም በፓራሊምፒክም የተሳተፈ የመጀመሪያው ሰው ሊሆን አንድ ሌሊት ቀረው። በዋዜማው አሰልጣኙ አራቱን ቦታ ለሌሎች ሰጠና ብራያን ቀረ። አሰልጣኙን እንዳልወቅስ፣ ካሰለፋቸው አንዱ ዴቨን ከርሾ ከአሸናፊው በ1.6 ሰከንድ ብቻ ተበልጦ አምስተኛ ወጣ። እንዳላመሰግነው ደግሞ፣ ብራያን በአገሩ፣ በወገኑ ፊት ሊሮጥ ቆሞ ነበር! ሒሳቡ ልክ ቢሆንም አንጀቴ አልተቀበለውም። ብራያን ራሱ ብዙም አልቆየም፤ በሳምንታት ውስጥ በዚያው ስፍራ በፓራሊምፒኩ ሦስት ወርቅ ለቀመ።

ሮቢን በስድስት ዓመት ይበልጠዋልና ትንፋሹ ታናሹን መቅደም እየከበደው ሄደ፤ ወደ አሰልጣኝነት ዞረ። መሪነቱን ወጣቶች ተረከቡ። በረጅሙ ርቀት አንድ ሰው ብቻውን ስለማይችለው ሁለት መሪዎች እየተፈራረቁ ይመሩት ጀመር።

ብራያን በ2022 ቤጂንግ ላይ በ42 ዓመቱ ሲያበቃ 16 የፓራሊምፒክ ወርቅ ነበረው። ሁሉንም ልቁጠርላችሁ ብል ይመሻል፤ አንዷን ብቻ ልንገራችሁ።

2014፣ ሶቺ። የአንድ ኪሎ ሜትር ፍጻሜ። አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ተሳስተው የሚታረሙበት ጊዜ የለውም። ውድድሩ ተጀመረ። ገና ከመነሻው ብራያን ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር ተጠላለፈና በረዶው ላይ ተዘረረ። ሌሎቹ ጥለውት ሄዱ። ተነሣ፤ ከፊቱ ግራሃም ኒሺካዋ የተባለ መሪው አለ። እንግዲህ አንዱ እየቀደመ፣ አንዱ በዓይኑ ዳር እየተከተለ፣ አንድ በአንድ እያለፉ መጡና መጨረሻውን መስመር አንደኛ ሆነው ረገጡት።

ወርቁን ያመጡት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ብራያንም ኒሺካዋም።