ቬራ ሜንችክ እና የ1929 ሁለት የውጤት ሰንጠረዦች



የዛሬው ገለጻዬ የመጀመሪያዋን የሴቶች የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ቬራ ሜንችክን ይመለከታል። ቬራ በ1906 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ከቼክ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወለደች። ቼዝን በ9 ዓመቷ ከአባቷ ተማረች። ከሩሲያ አብዮት በኋላ፣ በ1921፣ ከእናቷና ከእህቷ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደደች፤ በሄስቲንግስም ሀንጋሪያዊው ሊቅ ጌዛ ማሮትሲ አስተማራት። ኑሮዋ በእንግሊዝ ቢሆንም ለረጅም ዓመታት የተወዳደረችው በቼኮዝሎቫኪያ ስም ነበር።

በ1927 ለንደን ላይ ከ11 ጨዋታዎች 10ሩን አሸንፋ፣ አንዱን በአቻ ውጤት አጠናቅቃ ሻምፒዮን ሆነች። እስከ 1939 በተካሄዱት 7 ሻምፒዮናዎች ካደረገቻቸው 83 ጨዋታዎች የተሸነፈችው በአንዱ ብቻ ነው። ይህ አኃዝ ደጋግሞ ይጠቀሳል። እኔ ግን የታሪክ ተማሪን ይበልጥ የሚያስተምረው የ1929 ታሪኳ ነው እላለሁ።

በዚያ ዓመት ራምስጌት ላይ ከካፓብላንካ በግማሽ ነጥብ ብቻ አንሳ ከሩቢንስታይን ጋር የ2ኛነትን ደረጃ ተጋራች። ሆኖም ውድድሩ 7 የውጭ ተጫዋቾች ከ7 የብሪታንያ ተጫዋቾች ጋር የሚገጥሙበት ስለነበር ከሁለቱም ሊቃውንት ጋር አልተጫወተችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ካርልስባድ ላይ በ21 ጨዋታዎች 3 ነጥብ ብቻ አግኝታ ከ22 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻዋ ሆነች። የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ያጋንናታል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚያነብ ያሳንሳታል።

«የቬራ ሜንችክ ክለብ» የተባለው ቀልድ የተወለደውም ካርልስባድ ላይ ነው። የቪየናው አልበርት ቤከር በእርሷ የሚሸነፍ ሁሉ የክለቡ አባል ይሁን ሲል አፌዘ፤ ወዲያውም ራሱ ተሸንፎ የመጀመሪያው አባል ሆነ። ቤከር ደካማ ተጫዋች አልነበረም፤ በዚያው ውድድር ከኧዌና ከቪድማር ጋር እኩል ነጥብ ይዞ ከ5ኛ እስከ 7ኛ ያለውን ደረጃ ተጋርቷል። ኧዌም ቢሆን በ1935 የዓለም ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት ሁለት ጊዜ በእርሷ ተሸንፏል። ቀልዱን የሚደግሙ ጸሐፊዎች የተሸናፊዎቹን ስም ይዘረዝራሉ፤ እንዴት እንዳሸነፈቻቸው ግን እምብዛም አይጠይቁም። ይህ በእኔ ግምት ትልቅ ጉድለት ነው፤ ድሉ የእርሷ ሆኖ ሳለ ትረካው የወንዶቹ ሆኗልና። በሴቶች መድረክ አቻ ያልነበራት ተጫዋች ካርልስባድን ወደመሰለ መድረክ መሄዷም ሽንፈትን እያወቀች የመረጠችው ትምህርት ይመስለኛል።

በ1937 እንግሊዛዊውን ስቲቨንሰንን አገባች፤ በ1939ም ቦነስ አይረስ ላይ ማዕረጓን ያስከበረችው በእንግሊዝ ስም ነው። በሰኔ 1944 የጀርመን በራሪ ቦምብ ለንደን ውስጥ ክላፓም የሚገኘውን ቤታቸውን ሲመታ ከእናቷና ከእህቷ ጋር ሞተች፤ ዕድሜዋ 38 ነበር። ማዕረጉ በእጇ እንዳለ ስለሞተች፣ በ1950 ሞስኮ ላይ ሉድሚላ ሩዴንኮ እስክትወስደው ድረስ ባለቤት አልባ ሆኖ ቆየ።