የሞፋት ባልና ሚስት ኑሮ በኩሩማን

ኩሩማን በደቡብ አፍሪካ፣ በካላሃሪ በረሃ ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። አገሩ ደረቅ ቢሆንም በየቀኑ 20 ሚሊዮን ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ የሚሰጥ ምንጭ ይፈልቅባታል። የለንደን ሚሲዮን ማኅበር መልእክተኞች የነበሩት ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሞፋትና እንግሊዛዊቷ ባለቤቱ ሜሪ ከዚህ ምንጭ በታች ባለው ሸለቆ ከ1824 እስከ 1870 ኖረዋል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም በ1795 የተወለዱ ሲሆኑ፣ አገሩን ለቀው ሲወጡ ሰባ አራተኛ ዓመታቸውን አልፈው ነበር።

ሮበርት በሙያው አትክልተኛ ነበር። ከሜሪ ጋር የተዋወቀውም በእንግሊዝ አገር በአባቷ የችግኝ ጣቢያ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው። እሱ በ1816 ወደ ኬፕ ሲሳፈር ወላጆቿ ልጃችንን አንሰጥም ብለው ነበር፤ ኋላ ፈቀዱና በ1819 ተከትላው ሄዳ ኬፕ ታውን ላይ ተጋቡ። የሚሲዮን ታሪክ ጸሐፊዎች የሮበርትን ስብከትና ትርጉም ሲያወሱ ይህን የአትክልተኛነት ሙያ በአንድ መስመር ያልፉታል። የኩሩማን ኑሮ የቆመው ግን በመስኖ ላይ ነው።

ውኃው መጀመሪያ ጠብ አስነሥቶ ነበር። ወደ ኩሩማን ከመዛወራቸው በፊት፣ በቀድሞው ጣቢያ፣ ሚሲዮናውያኑ ከወንዝ ረጅም ቦይ ቆፍረው ጓሯቸውን ያጠጡ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ የባትላፒንግ ሴቶች ደግሞ የራሳቸው እርሻ ነበራቸውና ቦዩን ከላይ እየሰበሩ ውኃውን ወደ ማሳቸው ይመልሱት ጀመር። ሮበርትና ጓደኛው ሐሚልተን ተራ ገብተው፣ በቀኑ ሐሩር አካፋ ተሸክመው፣ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ የተሰበረውን ይደፍኑ ነበር። ሮበርት ነገሩን የጻፈው እንደ ተበዳይ ሆኖ ነው፤ ወንዙ ከእሱ በፊት የሴቶቹ እንደነበረ ግን መዘንጋት አይገባም። በኩሩማን ግን ውኃው ለሁሉም የሚበቃ ስለነበረ አትክልትና ፍራፍሬ ለማልማት ተቻለ።

የሜሪ ሥራ ቤቱ ነበር። ወለሉ አፈር በመሆኑ አቧራና ቁንጫ አያስቀምጥም። ሜሪ አንዲት የሚሲዮናዊ ሚስት ቤቷን በእበት ስትለቀልቅ ባየች ጊዜ፣ ይህን ቆሻሻ ነገር እኔ አላደርገውም ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ግን ቅዳሜ እስኪደርስ የምትቸኩል ሆነች፤ እበቱ አቧራውን እንደሚያስተኛ፣ ቁንጫውን እንደሚገድልና ሲደርቅ ጥሩ አረንጓዴ መልክ እንደሚሰጥ ለአገሯ ሰዎች ጻፈች። በእበት ልቅለቃ ያደገ የገጠር ሰው ይህን ሲያነብ የሚደነቀው በእበቱ ሳይሆን በመደነቋ ነው።

ሱቅ ስላልነበረ የሚበላውም የሚለበሰውም በእጅ ይሠራ ነበር። ልጃቸው ሜሪ በ1845 ዴቪድ ሊቪንግስተንን አግብታ ወደ ሰሜን ስትሄድ ይህን ሙያ ይዛ ሄደች። ሊቪንግስተን በ1857 ባሳተመው መጽሐፉ ሳሙናው፣ ሻማውና ቅቤው ሁሉ በቤት ይሠራ እንደነበር ጽፏል። ሮበርት በበኩሉ አናጢም ብረት ቀጥቃጭም ነበር። ገና በወጣትነቱ ሠረገላ ሲሰበርበት ከሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ ሠርቶ ብረቱን አግሏል። በ1838 የተመረቀችው የኩሩማን ቤተ ክርስቲያን የጣራ እንጨት በአቅራቢያው ስላልተገኘ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለ ቦታ በበሬ ሠረገላ ተጎትቶ መጣ።

ቀሪው ጊዜ ለመጻሕፍት ነበር። ሮበርት የአገሩን ቋንቋ ሴትስዋናን ያለ አስተርጓሚ ለመልመድ በ1827 ከባሮሎንግ ሕዝብ ጋር ሳምንታት አሳለፈ። በ1831 ማተሚያ መሣሪያ ከኬፕ ይዞ መጣ፤ የሴትስዋናውን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በ1857 ጨረሰ። የታተመውም እዚያው ኩሩማን ነው። ይህ ትርጉም አንዳንድ ጊዜ በአፍሪካ ቋንቋ የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ይባላል። እንዲህ የሚሉት ግን በ1840 ለንደን ላይ የታተመውን የአባ አብርሃምን የአማርኛ ትርጉም ረስተው ነው።

የደብዳቤና የዕቃ መላላክ ነገር ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ኬፕ ታውን በበሬ ሠረገላ የወራት መንገድ ስለነበረች ከእንግሊዝ የሚላክ ዕቃ ዓመት አልፎትም ሊደርስ ይችል ነበር። ጣቢያው ገና አንድም አማኝ ሳያገኝ ሜሪ ለአንዲት ወዳጇ የቁርባን ዕቃ ላኪልን ብላ ጻፈች። ዕቃው የደረሰው በ1829 የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዎች ተጠምቀው ሊቆርቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው።

በስተእርጅና ቤቱ ራሱ የሌሎች ስንቅ ቤት ሆነ። ሮበርት በ1859 ወደ ንዴቤሌው ንጉሥ ወደ ሙዚሊካዚ አገር ሄዶ የኢንያቲን ጣቢያ ሲያቋቁም ልጃቸው ጆንም ከመልእክተኞቹ አንዱ ነበር። በውስጥ አገር ላሉት ዕቃና ደብዳቤ የምታስተላልፈው ኩሩማን ያለችው ሜሪ ነበረች። ከአሥሩ ልጆቻቸው ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል፤ የ1862 ሐዘን ግን የከፋ ነበር። በሚያዝያ ሜሪ ሊቪንግስተን በዛምቤዚ ወንዝ ዳር በወባ ሞተች፤ በዚያው ዓመት ወንድ ልጃቸው ሮበርትም አረፈ። በ1866 የሴት ልጃቸው የአን ባል ፍሬዱ ሞቶ፣ አን ልጆቿን ይዛ ቀረች። ባልና ሚስቱ ያን ጊዜ ሰባ አልፏቸው ነበር። አገር ቤት የሚያውቃቸው ሰው እየተመናመነ፣ ዘመዶቻቸው የተቀበሩትም የሚኖሩትም አፍሪካ በመሆኑ፣ ወደ እንግሊዝ መመለስ ለነሱ ስደት ነበር ማለት ይቻላል።

ጉልበታቸው ሲከዳቸው ጆን ሥራውን ተረከበ። በመጋቢት 1870 ሮበርት በቤተ ክርስቲያኗ ለመጨረሻ ጊዜ ሰበከ፤ በዚያው ሳምንት በሠረገላ ተነሡ፤ ሕዝቡም እያለቀሰ ሸኛቸው። ሜሪ የእንግሊዝን ክረምት አልቻለችውም፤ በጥር 1871 ለንደን ውስጥ ሞተች። ሮበርት በየከተማው ስለ አፍሪካ እየተናገረ ከርሞ በነሐሴ 1883፣ በ87 ዓመቱ፣ በኬንት አውራጃ በምትገኘው በሊ መንደር አረፈ።