መቁጠሪያ

መቁጠሪያ፣ ምእመናንና መነኰሳት የዕለት ጸሎታቸውን የሚሰፍሩበት፣ ተበስተው በክር ከተሰኩ የእንጨት ወይም የዘር ፍሬዎች የሚሠራ ንዋይ ነው፤ ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ 41 ወይም 64 ሲሆን፣ 64ቱ እመቤታችን በዚህ ዓለም የኖረችበትን ዘመን ያስባል።

ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ፣ የደጋው ብርድ ገና ሳይለቅ ጋቢዋን ተከናንባ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሥር የተቀመጠችን ባልቴት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከንፈሯ ኪርያላይሶን ሲል አውራ ጣቷ አንዱን ፍሬ ገፍቶ ሌላውን ሲስብ፣ ሰላምታ ለመመለስ ባቋረጠች ጊዜም የደረሰችበትን ፍሬ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ስትቆይ ያያል፤ የመቁጠሪያው ዋና ረብ ይኸው ነውና፣ ቁጥሩን ከኅሊና አውርዶ ለእጅ በመስጠት ልቡናን ለጸሎቱ ነጻ ያወጣል። ለታይታ በአንገት የተንጠለጠለው ግን ከጌጥ አያልፍም።

መዝሙረ ዳዊት ደግሞ በፍሬ ሳይሆን በዕለታት ይሰፈራል፤ ተከፍሎም ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ፣ የየዕለቱ ድርሻ እኩል ባይሆንም፣ ቅዳሜ በ150 ሲፈጸም፣ ለእሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ደጋሚው ዕለቱን ባወቀ ጊዜ የጎደለበትንም ያውቃል። በአንዳንድ የብራና መጻሕፍት ጠርዝ የተሰፋው ባለቀለም ክር ክፍሉን ፈጥኖ ለመግለጥ ይረዳል።

ጸሎት በፍሬ፣ መዝሙርም በዕለት ሲሰፈር፣ በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤያት ግን የተማሪው መለኪያ ቅኔው ራሱ ነው፤ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ መወድስ የሚወጣው ተማሪ፣ ብቻውን ተቀምጦ ያዘጋጀውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ይህም ማዘጋጀት እንደ አጋጣሚ «ቆጠራ» ይባላል።