ተራራው ስም ነበረው

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥያቄና መልስ ውድድር ላይ የተሳተፈ ሁሉ ይህቺን ጥያቄ ያውቃታል። «የዓለማችን ረጅሙ ተራራ ማን ይባላል?» ጠያቂው ሳይጨርስ እጃችንን አውጥተን «ኤቨረስት!» እንላለን። ይጨበጨብልናል፤ ደብተርና እስክሪብቶ እንሸለማለን። «ኤቨረስት ማለትስ ምን ማለት ነው?» ያለን ግን አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። ለካ ኤቨረስት የሰው ስም ኖሯል። ያውም ተራራው በስሙ እንዲጠራ ያልፈለገ ሰው!

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ተራራው የሚገኘው በሂማላያ ሰንሰለት ውስጥ፣ ኔፓልና በቻይና ሥር ያለችው ቲቤት በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ነው። እንግሊዞች ህንድን ይዘው ሳለ አገሩን ከዳር እስከ ዳር የሚለካ ግዙፍ የቅየሳ ሥራ በ1802 ጀመሩ። ሂማላያ ሲደርሱ ግን ኔፓል በሯን ዘጋችባቸው። ምን ያድርጉ? መሣሪያቸውን ህንድ ሜዳ ላይ ተክለው፣ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ጫፉን ለኩት። ለጊዜው ቁጥር ሰጡትና «ጫፍ 15» ተባለ። ከዓለም ተራሮች ሁሉ እንደሚበልጥ በ1852 አስልቶ የደረሰበት ራድሃናት ሲክዳር የተባለ ህንዳዊ የሂሳብ ሰው ነው ይባላል። በ1856 ይፋ የተደረገው ከፍታ ወደ ሜትር ሲለወጥ 8,840 ገደማ ነው። ተራራው ሥር ሳይደርሱ የለኩት ልኬት ዛሬ ከሚታወቀው የሚለየው በ9 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጉድ አይደለም?

ቁመቱን እንዲህ ያሳመሩት ሰዎች ስሙ ላይ ሲደርሱ ግን ተሳሳቱ። የቅየሳው ኃላፊ አንድሪው ዎ ተራራው የሚታወቅ የአገሬው ስም እንዳልተገኘለት ገልጾ፣ ከእሱ በፊት ኃላፊ በነበረው በጆርጅ ኤቨረስት ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ጡረታ ወጥቶ እንግሊዝ አገር የገባው ኤቨረስት ራሱ በ1857 ተቃወመ። ስሙ በሂንዲ ለመጻፍ እንደማይመችና የአገሬው ሰው ሊጠራው እንደማይችል ተናገረ። ሰሚ አላገኘም። የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1865 ስሙን ተቀበለው። የሚያስቀው ደግሞ ቤተሰቡ ስሙን የሚጠራው «ኢቭረስት» ብሎ ነበር። ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚጠራው የእሱን ስም ነው፤ እሱንም አሳስቶ!

ተራራው ግን ስም ነበረው። ቤጂንግ ውስጥ በ1721 በወጣው የንጉሠ ነገሥቱ የካንግሺ አትላስ ላይ ቲቤታዊ ስሙ ቾሞሉንግማ በቻይንኛ ፊደል ሰፍሯል። በ1733 ዳንቪል የተባለው ፈረንሳዊ ካርታ ሠሪም ከዚያው ወስዶ በራሱ ካርታ ላይ አሰፈረው። እንግሊዞቹ «ስም የለውም» ከማለታቸው ከ120 ዓመት በፊት ማለት ነው። ትርጉሙ ብዙ ጊዜ «የዓለም እናት የሆነች አምላክ» እየተባለ ይነገራል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ «ነጮቹ ስም ቀሙ» ብለን ተናደን እንተኛ ነበር። ግን አላበቃም።

በ1953 ኤድመንድ ሂላሪና ሼርፓው ቴንዚንግ ኖርጌይ በኔፓል በኩል ጫፉ ላይ ወጡ። በ1960 የቻይና ቡድን በሰሜን በኩል ወጣ። ያን ጊዜ ሁለቱ መንግሥታት ተራራው የማን እንደሆነ እየተነጋገሩ ነበር። በ1961 በተፈረመው የድንበር ውል መስመሩ በጫፉ ላይ እንዲያልፍ ሆነ። ስሙም አብሮ ለሁለት ተከፈለ። ቻይና የቲቤቱን ስም ያዘች። ኔፓል ደግሞ ባቡራም አቻርያ የተባለው ታሪክ ጸሐፊዋ በ1930ዎቹ ጽፎ ያስተዋወቀውን «ሳጋርማታ» የሚለውን ስም ወሰደች።

ታዲያ በኔፓል በኩል ተራራው ሥር የሚኖረው ማን ነው? ሼርፓ ነው። ቋንቋው የቲቤት ዘመድ ነው። ተራራውንም የሚጠራው ቾሞሉንግማ ብሎ ነው። እንግዲህ የሼርፓው ስም በድንበሩ ማዶ መንግሥት የሚያውቀው ስም ሲሆን፣ በገዛ አገሩ ግን አይደለም። መንደሮቹን የያዘው ብሔራዊ ፓርክ እንኳ በ1976 ሲቋቋም «ሳጋርማታ» ነው የተባለው። የመጀመሪያዎቹ ስም ሰጪዎች ሥሩ ያለውን ሰው ለመጠየቅ በሩ ተዘግቶብናል ሊሉ ይችላሉ። የኋለኞቹ ምን ይላሉ? ሰውየው የራሳቸው ዜጋ ነው!

በታኅሣሥ 2020 ኔፓልና ቻይና በጋራ አዲስ ልኬት ይፋ አደረጉ፦ 8,848.86 ሜትር። እስከ ሳንቲሜትሩ ተስማሙ። ስሙን ግን ሁለቱም በየራሳቸው አስቀሩት። ቁመት ከሩቅ ሊለካ ይችላል። ስም ግን ቀርቦ መጠየቅ ይፈልጋል፤ ይሄ ደግሞ የመሣሪያ ጉዳይ አይደለም።

በሰው አገር ለመፍረድ አይደለም። እኛስ አንድ ጊዜ «ራስ ደጀን»፣ ሌላ ጊዜ «ራስ ዳሽን» እያልን ስንጽፍ፣ እዚያ የሚኖረው ገበሬ ማን ብሎ እንደሚጠራው የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ያኔ የተሸለምነውን ደብተር መልሱ እንዳትሉን እንጂ፣ መልሳችን ግማሽ ነበር።