ገሉ ላይ ማን ጻፈ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጥንት ግሪኮች ነው።

ዴሞክራሲ የሚለው ቃል የመጣው ከግሪክኛ ነው። «ዴሞስ» ሕዝብ ማለት ነው። «ክራቶስ» ደግሞ ሥልጣን ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የሕዝብ ሥልጣን ይሆናሉ።

ይህ ሥልጣን ግን በአንድ ቀን አልተገኘም። በአቴና ከተማ ቀድሞ የሚገዙት ባላባቶች ነበሩ። ሕጉ በጽሑፍ አልነበረም፤ ዳኞቹም እነሱው ናቸው። ታዲያ ድሃው ሲከሰስ «ሕጉ እንዲህ ይላል» ቢሉት በምን ያረጋግጣል?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ621 ዓመት ገደማ ድራኮን የሚባል ሰው ሕግ ጽፎ አወጣ። ሕጉ ጨካኝ ነበር። ቢሆንም ተጻፈ። የተጻፈ ነገር ደግሞ ይነበባል፤ ከተነበበም «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ይቻላል።

በ594 ዓመት ሶሎን ተሾመ። በዚያን ጊዜ ዕዳ መክፈል ያቃተው ገበሬ ለባርነት ይሸጥ ነበር። ሶሎን ይህን ከለከለ። በ508 ዓመት ገደማ ደግሞ ክሌይስቴንስ ሕዝቡን በ10 ነገድ አደራጀ። ከየነገዱ 50 ሰው እየተውጣጣ የ500 ሰው ምክር ቤት ተቋቋመ። ገበሬውም ሸክላ ሠሪውም በጉባኤ ተቀምጦ እጁን እያወጣ ይወስን ጀመር።

ግን ልብ በሉ! ሴቶች፣ ባሮችና ከሌላ አገር የመጡ ነዋሪዎች ድምፅ አልነበራቸውም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነበር።

አቴናውያን አንድ ሰው ከልክ በላይ ኃይለኛ ይሆናል ብለው ከሰጉ ለ10 ዓመት ከአገር ያስወጡት ነበር። ድምፅ የሚሰጡት ስሙን በገል ላይ ጭረው ነው። ለዚህም 6000 ገል ያስፈልግ ነበር።

በ482 ዓመት እንዲህ ሆነ ይባላል። ፊደል የማያውቅ አንድ ሰው ገሉን ይዞ አጠገቡ ወዳለው ሰው ቀረበ። «እባክህ አሪስቲዲስ ብለህ ጻፍልኝ» አለው። የተጠየቀው ሰው ራሱ አሪስቲዲስ ነበር! «ምን በደለህ?» ቢለው፣ «ምንም፤ ጻድቁ ጻድቁ ሲሉት ሰለቸኝ» አለ። አሪስቲዲስም ዝም ብሎ የራሱን ስም ጻፈለት። በዚያው ዓመት ከአገር ወጣ።

አሪስቲዲስ ሐቀኛ ስለ ነበረ የተባለውን ጻፈ። ሌላ ሰው ቢሆንስ ኖሮ?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. በአቴና ከአንድ አሮጌ የውኃ ጉድጓድ 190 ያህል ገሎች ተገኙ። የተጻፈባቸው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ቴሚስቶክሊስ። ጽሕፈቱ ሲመረመር ግን የጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ሆነ። ለመራጮች ሊታደሉ አስቀድመው የተዘጋጁ ይመስላሉ። ማንበብ የማይችል ሰው የማንን ስም እንደ ተሸከመ በምን ያውቃል?

እንግዲህ ውድ አድማጮች፣ ድምፅ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ በገዛ እጅ መጻፍ ደግሞ ሌላ ነው። አሁን ደብተራችሁን ግለጡና «ሕግ»፣ «ዕዳ»፣ «ገል» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩም ስማችሁን ጻፉ። ማንም አይጻፍላችሁ።

ደኅና ሰንብቱ።