የሞተር ዘይት ሥራ እንዴት ታወቀ?

ነዳጅ ያለቀበት መኪና ይቆማል፤ ነዳጅ ሲጨመርለት ግን ተነሥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ዘይት ያለቀበት ሞተር ግን ብረቱ ከብረት ተጣብቆ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ዘይት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ይህም እንዴት እንደ ታወቀ ባጭሩ ለመግለጽ አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥንት ሰዎች የሠረገላቸውን ዘንግ ሞራ ይቀቡ ነበር። በ1859 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫንያ የነዳጅ ጉድጓድ ከተቆፈረ ወዲህ ከመሬት የሚወጣው ዘይት የሞራን ቦታ እየያዘ ሄደ፤ ቢሆንም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳ ብዙ የአይሮፕላን ሞተሮች የሚሠሩት እኛ በምናውቀው በጉሎ ዘይት ነበር። የዘይቱ ዓይነት ቢለዋወጥም የሥራው ምሥጢር የተገለጠው በ1883 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት ቢቻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር ዘንግ የሚዞርበትን መሸከሚያ ሲመረምር ከላይ በኩል የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ በሳ። ከታች ዘይት ውስጥ የተነከረው ዘንግ በዞረ ጊዜ ግን ዘይቱ በቀዳዳው ሽቅብ ፈሰሰ። በቡሽ ቢወትፈው ቡሹ ወጣ፤ በእንጨት ቢወትፈው እንጨቱም ወጣ። በዚህ ጊዜ የግፊት መለኪያ አኖረበት። መለኪያውም በካሬ ኢንች ከ200 ፓውንድ በላይ አሳየ፤ በመሸከሚያው ላይ ያረፈው ሸክም ግን በአማካይ 100 ፓውንድ ብቻ ነበር።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለው ሊቅ በ1886 ዓ.ም. ነገሩን በሒሳብ አስረዳ። የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ስፍራ ያስገባዋል፤ መውጫ የጠበበውም ዘይት ዘንጉን ያነሣዋል። እንግዲህ ዘንጉ ከጠጉር በቀጠነ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ይዞራል እንጂ ብረት ብረትን አይነካም።

በመኪና ሞተርም የሚሆነው ይኸው ነው። ፓምፑ ዘይቱን ከኮፓው ስቦ፣ በፊልትሮ አሳልፎ፣ መካኒኮቻችን ብሮንዚና ወደሚሉት መሸከሚያ ይልከዋል። ሞተሩ ሲነሣ ንጣፉ ገና ስላልተዘረጋ፣ ቀዝቃዛ ሞተርን ወዲያው ማስጮኽ ብረቱን ያስበላዋል።

ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 ዓ.ም. በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ያስመረመረው ሞተር ደግሞ ለዘይት አዲስ ፈተና አመጣ። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በእሳት ብልጭታ ሲያቀጣጥል፣ የናፍጣው ግን አየርን አጥብቆ በማመቅ በሚገኝ ሙቀት ስለሚያቀጣጥል ግፊቱ ብርቱ፣ ጥላሸቱም ብዙ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የናፍጣ ትራክተሮች በፒስቶኑ ዙሪያ ያለው ፋሻ በጥላሸት እየተጣበቀ ስላስቸገረ፣ ኬሚስቶች እድፉን እንደ ሳሙና ይዞ የሚያንሳፍፍ ቅመም በዘይቱ ውስጥ ጨመሩ።

ከዚህም የተነሣ የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ቢጠቁር ተበላሸ ማለት አይደለም፤ እድፉን መሸከሙ ነው። ነገር ግን ሸክሙ ልክ ስላለው ፋብሪካው በወሰነው ኪሎሜትር መለወጥ ይገባዋል። የዘይት ዋጋ ለመቆጠብ ብሎ ጊዜውን የሚያሳልፍ ባለመኪና በመጨረሻ የሚከፍለው የሞተር ዋጋ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ ትምህርት አለበት። ታወር ቡሹ ሲወጣበት ይበልጥ አጥብቆ ወትፎ ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። እርሱ ግን የገፋውን ኃይል ለካ፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚዞረው ሞተር ሁሉ የሚጠበቅበት እውቀትም ከዚያች ትንሽ ቀዳዳ ወጣ።