በሥራ ቦታ የሚደርስ ወሲባዊ ትንኮሳ፦ ሠራተኛዋ ሥራዋን ከመልቀቋ በፊት ልታውቀው የሚገባ

በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሌሎችም የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በርካታ ሴቶች በሆቴሎች፣ በምግብ ቤቶች፣ በጫት ለቀማና በቡና ሥራ ተሰማርተው ይተዳደራሉ። አሠሪው ወይም ኃላፊው ሲተነኩሳቸው ብዙዎቹ የሚመርጡት ዝም ብሎ መልቀቅን ነው። በሕግ ዓይን ግን ዝም ብሎ መልቀቅና ምክንያትን ገልጾ መልቀቅ እጅግ ይለያያሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ ሁኔታ ሰውን ያለፈቃዱ ለወሲብ ማግባባትን ወሲባዊ ትንኮሳ ይለዋል። ኃይል የታከለበት ወይም ኃይል ለመጠቀም የተሞከረበት ከሆነ ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል። ክልከላው አሠሪውን፣ የሥራ መሪውንና ተራ ሠራተኛውን ሁሉ ይመለከታል።

በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ በአንቀጽ 32 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች። ከሥራ ስንብት ክፍያ በተጨማሪም የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈላታል። በቀን 200 ብር የምታገኝ ሴት 18,000 ብር ይደርሳታል ማለት ነው። ነገር ግን መብቱ የሚጸናው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ ለ15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው፤ ጊዜው አጭር መሆኑ በእርግጥ ያሳስባል። የምትለቅበትን ምክንያትና ቀንም ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርባታል። ያለ ምክንያትና ያለ ማስጠንቀቂያ የለቀቀች እንደሆነ ካሳው መቅረቱ ሳያንስ፣ እርሷው እስከ 30 ቀን ደመወዝ ልትጠየቅ ትችላለች።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንዳደረገ ወይም እንደተናገረ ይበቃል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ በዚሁ ቋንቋ መጻፍ ይቻላል። አንዱን ቅጂ ማስቀረትና የተቀበለውን ሰው ማስፈረም፣ አልፈርም ካለም በምስክር ፊት መስጠት ይበጃል። የሥራ ውሏ በጽሑፍ አለመሆኑ መብቷን አያሳጣትም። ይህ በተለይ በቃል ብቻ ተቀጥረው በጫትና በቡና ለቀማ ለሚሠሩ ሴቶች ሊሰመርበት ይገባል።

ተንኳሹ የሥራ ባልደረባ በሚሆንበት ጊዜ አስቀድሞ ለአሠሪው በጽሑፍ ማመልከት ይመከራል።

ነገሩ ከማግባባት አልፎ ሲገኝ የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625፣ አሠሪነቱን ወይም ሥልጣኑን፣ አለዚያም የሴቲቱን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ግብረ ሥጋ የፈጸመን ሰው በቀላል እሥራት ይቀጣል። ክሱ የሚመሠረተው በተበዳይዋ አቤቱታ ሲሆን፣ አቤቱታውም በ3 ወር ውስጥ ለፖሊስ መቅረብ አለበት። አስገድዶ መድፈር ግን አቤቱታ የማይጠብቅ ወንጀል ነው፤ መነሻ ቅጣቱም 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው አዋጅ ነው። የቤት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ 1156/2011 አይሸፈኑም፤ ስለዚህ የ90 ቀኑ ካሳ ለእነርሱ አይደርስም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ ጤናና ሞራል እንዲጠብቅ አሠሪውን ያስገድዳል፤ የወንጀል ሕጉም እንደማንኛዋም ሴት ይጠብቃታል። በመሆኑም በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትኖር ልጅ ቀዳሚው መንገድ ፖሊስ ጣቢያ ነው።